ከሆቴሉ በፊት ወሩን

ሰኔ ሲጋመስ በትምህርት ቤትም በመሥሪያ ቤትም የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ፈተናው ሊያልቅ፣ የበጀቱ ዓመት ሊዘጋ ተቃርቧል፤ ዝናቡም ጀምሯል። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ሁሉ ከጭቃውና ከብርዱ ሸሽቶ ባሕር ዳር ሊሰነብት ያስባል። አሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ በወረቀት ላይ ሲያቀረቅር የኖረ ሰው ዓይኑን አሻግሮ የሚያሳርፍበት ስፍራ ቢሻ ተገቢ ነው። የሚያሳዝነው ግን ብዙዎቻችን ስፍራውን የምንመርጠው በፎቶግራፉ ማማርና በሆቴሉ ዋጋ ብቻ መሆኑ ነው። በሄድንበት ወር ባሕሩ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳለው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው።

ለእኛ እጅግ የቀረበው ባሕር የጅቡቲ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ሐዲድ ከአዲስ አበባ አጠገብ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል እስከ ወደቡ ድረስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ይሁን እንጂ የእኛ ክረምት የሚበረታበት ወራት የጅቡቲም ሙቀት የሚበረታበት ወራት ነው። በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ ከበረሃው አቧራ ይዞ ይነፍሳል፤ ባሕሩም ቢሆን ለብ ያለ ውኃ ስለሚሆን ገላን አያቀዘቅዝም። በዚያ ወር የወረደ ሰው ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ተዘግቶ ይውላል እንጂ አይዋኝም። ተዘግቶ ለመዋል ደግሞ ቤቱ በበቃው ነበር!

በጥር ግን ያው ጅቡቲ ሌላ አገር ይመስላል። ሙቀቱ ወደ 28 ወይም 29 ዲግሪ ይወርዳል። ማለዳ በጠረፉ መመላለስ፣ ቀትር ላይ መዋኘት፣ ማታም ውጭ ተቀምጦ መጫወት ይቻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ የሆነው ሰውን የማይተናኮል ሻርክ ብቅ ስለሚል ከሩቅ አገር እርሱን ለማየት ብቻ የሚመጡ አሉ። የምጽዋም ነገር ይህንኑ ይመስላል። ዛሬ ምጽዋ የኤርትራ ናት፤ መንገዱም እንደ ጊዜው ይከፈታል፣ ይዘጋል። ነገር ግን ባሕሯ የሚወደደው በበጋ እንጂ በክረምት አለመሆኑን የኖሩባት ሁሉ ያውቃሉ።

እንግዲህ ለወጣቱ ሠራተኛ የምመክረው ፈቃዱን በጥር እንዲጠይቅ ነው። የመሥሪያ ቤት አለቆችም የፈቃድ ፕሮግራም ሲያወጡ ሠራተኛውን ሁሉ በሐምሌና በነሐሴ ከሚያሰልፉት ዓመቱን ሙሉ ቢያከፋፍሉት ለሥራውም ለሠራተኛውም ይበጃል። ተማሪው ግን ምርጫ የለውም፤ ረጅሙ ዕረፍት የተሰጠው በክረምት ነው።

በክረምት የግድ ባሕር የሚፈልግ ሰው ፊቱን ከምድር ወገብ ወዲያ ያዙር። ሞምባሳም ዛንዚባርም ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ስለሆኑ ሐምሌ ለነርሱ ቀዝቀዝ የሚልበት ወር ነው፤ የሞምባሳ ሙቀት ያን ጊዜ ከ28 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ነገር ግን በዚያም የሚጠየቅ ነገር አለ። በነዚህ ወራት ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ወደ ምሥራቅ በሚያይ ጠረፍ ላይ ሞገድና የባሕር ሣር ያመጣል። ከዚህም በላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ሲጎድል ውኃው እጅግ ርቆ ስለሚሄድ ለመዋኘት የመጣው እንግዳ ጭቃማ አሸዋ ሲረግጥ ይውላል። በስተ ሰሜን ባለው በኑንግዊ ግን ውኃው ያን ያህል አይርቅም። የመንደሮቹ ፎቶግራፍ አንድ ዓይነት ነው፤ ባሕራቸው ግን አንድ አይደለም። ልዩነቱ እጅግ የሚሰፋውም ጨረቃ በምትወለድበትና በምትሞላበት ሰሞን ስለሆነ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት የጨረቃዋን ዕድሜ መቁጠር ይጠቅማል።

ሌላው ነገር ዋና ነው። ከደጋ የወጣን ብዙዎቻችን ዋና የምናውቀው በገንዳ ነው፤ ወይም ከነጭራሹ አናውቅም። ባሕር ገንዳ አይደለም። ሞገዱ በጠረፉ ላይ ተሰብሮ ሲመለስ አንዳንድ ጊዜ ሰውን ወደ መካከል የሚስብ ጠባብ ፈሳሽ ይፈጥራል። የተያዘ ሰው በቀጥታ ወደ ጠረፉ ለመመለስ ሲታገል ጉልበቱ ያልቅና ይሰጥማል። መዳኛው ከጠረፉ ትይዩ ወደ ጎን ዋኝቶ ከፈሳሹ መውጣት፣ ከዚያ በኋላ መመለስ ነው። ይህን ያልተማረ ሰው ውኃው ከወገቡ እንዳያልፍ ያድርግ፤ ብቻውንም አይግባ። ጓደኛ ሳቀብኝ ብሎ ወደ ጥልቁ መሄድ ጀግንነት አይደለም።

ገንዘቡ ለዚህ ሁሉ የማይበቃውስ? ላንጋኖ አለለት። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሸዋማ ዳርቻ አለው፤ በብዙ ሐይቆቻችን የሚገኘው ቢልሃርዚያ በእርሱ እንደማይገኝ ይነገራል። ውኃው ቡናማ የሆነው በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት እንጂ በቆሻሻ አይደለም። መልኩን አይቶ ንቆት ወደ ሌላ ሐይቅ የሚሻገር ሰው ግን ከመግባቱ በፊት ስለዚያ ውኃ የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ይጠይቅ፤ ጥሩ መስሎ የሚታየው ሁሉ ንጹሕ አይደለምና።