ከመግዛትዎ በፊት መሬቱን ይዩ

የፎገራ ሜዳ ሩዙን አስረክቦ ሽንኩርት በሚለብስበት ወቅት፣ ወረታ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ አጎቴን ርብ ወንዝ ዳር አገኘኋቸው። የውኃ መሳቢያ ሞተራቸው ጥቂት ሠርቶ ቀጥ ይላል። ሽንኩርቱ ጠውልጓል። «ካርቡሬተሩ አልቆለታል፤ አዲስ ልገዛ ነው» አሉኝ። ገንዘቡ ለልጃቸው ትምህርት የተቀመጠ ነበር።

ጎረቤታቸው ቀረብ ብለው አዩና «ሞተሩ እኮ አጋድሏል!» አሉ። እውነትም አጎቴ ወንዙ ሲጎድል ተከትለው ወደ ተዳፋቱ አውርደውት ኖሯል።

እንዲህ ባለው ትንሽ ሞተር ቤንዚኑ ከሳልባትዮው ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ሞተሩ ሲያጋድል ቤንዚኑ ከመውጫው ርቆ አንድ ጥግ ይተኛል፤ ሳልባትዮው ባዶ ሳይሆን ሞተሩ ይጠማል። የክዳኑ የአየር ቀዳዳ በአቧራ ሲደፈንም እንዲሁ ነው፤ አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ቦታውን በዶማ ደለደልን፣ ቀዳዳውን በመርፌ ጠረግን፣ ቤንዚን ጨመርን። እስከ ማታ ሳይቋረጥ ሠራ።

የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ እንጀራዬ ሰውን ማስገዛት ነው። የዛሬው ምክሬ ግን ሌላ ነው፦ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ሞተርዎ የቆመበትን መሬት ይዩ፤ ክዳኑንም ይፈትሹ።