ሳይለካ የተደነገገ ቁጥር

ምክንያቱ ሳይመረመር ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እየተገለበጠ በመውረዱ ብቻ የቀኖና ክብር ካገኙት ልማዶች አንዱ፣ ፋይል የሚያካፍል ሰርቨር በዘገየ ቁጥር ባፈሩን፣ ይኸውም የሚላከው መረጃ ተራውን የሚጠብቅበትን ማቆያ፣ በአንድ ቁርጥ ቁጥር መወሰን ነው። አውስትራሊያዊው አንድሩ ትሪጅል በ1992 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጀመረውን ሳምባ የተባለ የፋይል ማካፈያ ሶፍትዌር በሚጠቀሙ ሰርቨሮች ማዋቀሪያ ውስጥ 8192 የሚለው አኀዝ ዛሬም ተጽፎ ይገኛል፤ ማን እንዳስገባው የሚጠይቅ ግን የለም።

በሐርጌሳ፣ በዳሚ ሰፈር፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሱቅ አለ እንበል። ኮምፒዩተሮቹ ከአንድ የሊነክስ ሰርቨር በ1 ጊጋቢት መስመር ቢቀዱና ምልልሱ፣ ይኸውም መረጃው ደርሶ የመድረሱ ቃል እስኪመለስ ያለው ጊዜ፣ ግማሽ ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ መስመሩ እንዳይቦዝን በመንገድ ላይ መገኘት የሚገባው 62,500 ባይት ነው። ባፈሩ በ8,192 ከተገደበ ግን ላኪው ያችኑ ጥቂት ልኮ የመድረሷ ቃል እስኪመለስለት ድረስ ይቆማልና፣ ተቀባዩ ከመስመሩ አንድ ስምንተኛውን ገደማ ብቻ ያገኛል። ያው ሱቅ ቪዲዮውን ለንደን ላለው የሙሽራው ወንድም በ100 ሜጋቢት ሲልክ፣ ምልልሱ 150 ሚሊሰከንድ ቢሆን 1,875,000 ባይት ያስፈልገዋል። ለሁለቱም የሚበጅ አንድ ቁጥር ከወዴት ይገኛል?

ሊነክስ የባፈሩን መጠን እንደ ምልልሱ ርዝመት በራሱ ያስተካክላል፤ አስተዳዳሪው ቁጥር በደነገገ ጊዜ ግን ይህ ሥርዓት ይሻራል። የሳምባ መመሪያ ይህንኑ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ማንበብ ከመገልበጥ ይከብዳል መሰለኝ።

«እንግዲያስ ባፈሩን እናግዝፈው» የሚሉትም ከስሕተት አልዳኑም፤ ሰርቨሩ የሚለቀው መረጃ በመንገድ ላይ ሌላ ባፈር ይገጥመዋልና። የኮምፒዩተር ባለሙያው ጂም ጌቲስ ከ2010 ጀምሮ እንዳስረዳው፣ የሞዴሙና የራውተሩ ባፈር ከልክ ሲያልፍ ፓኬቱ፣ ማለትም የመረጃው ቁራጭ፣ ሳይጣል ይሰለፋል፤ ላኪው መጨናነቁን ዘግይቶ ይሰማል፤ በዚያው መስመር በኢንተርኔት ስልክ የሚነጋገር ጎረቤትም ድምፁ ይቆራረጥበታል።

ልኩ የሚገኘው በመለካት ብቻ ነው፤ ሱቁ አለባት ያልናት ዳሚ በጫማ ሥራና በብረት ቅጥቀጣ የታወቁት፣ ገቦዬ የሚባሉት ሰዎች ሰፈር ናት፤ ጫማ ሰፊም እግር ሳይለካ ቆዳ አይቆርጥም።

ሰርቨር የምትጠብቁ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ በፒንግ ምልልሱን ለኩ፤ ብዙ ሰው በአንድነት ሲቀዳ የሚደክመው ዲስኩ ሊሆን ይችላልና እርሱንም መርምሩ፤ ያንን የ8192 መስመር ግን ዛሬውኑ ሰርዙት።