ጭፈራ ለእንግዳ ብቻ ነውን?

በብዙ ትምህርት ቤቶች የወላጆች በዓል ሲደርስ ዐሥር ልጆች ተመርጠው እስክስታ ይወርዳሉ፤ የቀሩት ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። እንግዳው ሲሸኝ ከበሮው ዕቃ ቤት ይቆለፍበታል። እኛ የምንቃወመው ይህን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የልብ ምትን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል። የድርጅቱ ተመራማሪዎች በ2019 ባሳተሙት ጥናት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት የዓለም ተማሪዎች ከመቶ 81ዱ በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም፤ የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል።

ሜዳ የለም፣ ኳስ የለም ይሉናል። ለእስክስታ ሜዳ ማን ጠየቀ? እስክስታ ትከሻን፣ የጉራጌ ጭፈራ እግርን ያሠራል። ሁለቱን እያከታተለ ሳያርፍ የጨፈረ ክፍል፣ ፈረንጅ ኤሮቢክስ ብሎ የሰየመውን ሠርቶታል። አንድ ኳስ ለስልሳ ልጅ ሲጣል ጉልበተኛው ይጫወታል፣ ሌላው ዳር ይቆማል፤ ከበሮ ግን ለሁሉ ይበቃል።

ጭፈራ ትምህርት አይደለም የሚሉም አሉ። ተቀምጦ መዋል ነውን ትምህርት?

ስለዚህ እንጠይቃለን፦ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለፈተና ክለሳ አይነጠቅ! ከበሮው ይውጣ! የተመረጡት ብቻ ሳይሆኑ ክፍሉ በሙሉ ይጨፍር!