ቤቱን ሊያጣ ስለ ቀረበ ባለዕዳ

ሰው ቤት የሚገዛው ለራሱና ለልጆቹ ማረፊያ እንዲሆነው ነው። በዚህ ዘመን ግን ለማደሪያ ሳይሆን ለትርፍ ብቻ የሚገዛ ሰው በዝቷል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዕዳቸውን መክፈል ባቃታቸው ጊዜ እኩል ርዳታ ይገባቸዋልን?

ከቦሌ አንሥቶ በገርጂ፥ በሰሚትና በአያት አልፎ እስከ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ድረስ፥ ትናንት የታረሰው መሬት ዛሬ ፎቅ ሆኗል። በጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ ባለዕጣው ከዋጋው 20 ወይም 40 ከመቶ በቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን ለብዙ ዓመት ለባንክ እየከፈለ ስለሚኖር፥ ብዙ ደመወዝተኛ ባለቤት ሆኗል። ነገር ግን የቤት ዋጋ ይወጣል እንጂ አይወርድም የሚል እምነት ስለ ሠለጠነ፥ ከዐቅሙ በላይ የተበደረም አልታጣም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፥ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ኑሮው ሲወደድ ደመወዙ እኩል ስላልሄደ፥ የወሩ ክፍያ ከልጆች ቀለብ ጋራ ተጋጨ።

በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት ሳይሄድ፥ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የባንክ ገንዘብ የቆጣቢው ሕዝብ ገንዘብ ስለ ሆነ ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልወጣም። ሆኖም ለታመመ ወይም ከሥራው ለተለየ አባወራ 30 ቀን እጅግ አጭር ነው።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እያሉ ባለዕዳውን የሚነቅፉ አሉ። ነቀፋቸውም ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ እየቆጠበ እስከ ዛሬ ዕጣ ያልደረሰው ሰው፥ ቤት ላለው ሰው ዕዳ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ቢከፈል ያዝናል። በሌላ በኩል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 በአሜሪካ የቤት ዋጋ በወደቀ ጊዜ የሆነው መታሰብ አለበት። የገንዘብ ድርጅቶችን ለማዳን እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር በሕግ ሲፈቀድ፥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተ ሰቦች ግን ከቤታቸው ወጡ።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 በቅጥር በተከበበ ከተማ ቤቱን የሸጠ ሰው እስከ አንድ ዓመት ሊቤዠው ይችላል፤ ዓመቱ ካለፈ ግን ቤቱ ለገዢው ይጸናል። ሕጉ የገዢውን መብት አላፈረሰም፤ የሻጩንም ተስፋ አልቆረጠም።

እንግዲህ ለባለዕዳው የሚገባው ርዳታ ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው። አንድ ቤት ብቻ ኖሮት በውስጡ ለሚኖር፥ ችግር እስኪያገኘው ድረስም በወቅቱ ለከፈለ ሰው፥ የመክፈያው ዘመን ቢረዝምና ሐራጁ አንድ ዓመት ቢዘገይ፥ ዕዳው አይሰረዝም፤ የቆጣቢውም ገንዘብ አይጠፋም። ሁለትና ሦስት ቤት ይዞ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቅ ግን አንዱን ሸጦ ይክፈል።

ይህን ለይቶ ማወቅ የባንክ ሹማምንትና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተግባር ነው። የነፍስ አባቶችም ድርሻ አላቸው። ባለዕዳ ዐፍሮ ሲደበቅ የሐራጁ ማስታወቂያ ይቀድመዋልና፥ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ባንኩ ሄዶ ችግሩን እንዲያስረዳ ይምከሩት። በጊዜ የተነገረ ችግር መፍትሔ ያገኛል፤ የተደበቀ ዕዳ ግን ቤት ያፈርሳል።