«በዘር ነው» የተባለ እንደ ሆነ

በመሥሪያ ቤታችን የሚሠራ አንድ ወጣት ሽማግሌ ሊልክ ተሰናድቶ ሳለ፣ የልጅቱ ታናሽ ወንድም ኦቲዝም ያለበት መሆኑን ዘመዶቹ ሰሙና ነገሩ ቀረ። ምክንያቱን ብንጠይቀው፣ «ሐኪሞቹስ በዘር ነው ይሉ የለም ወይ?» ሲል መለሰልን። ይህ ወጣት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ነው።

እርግጥ ነው፤ ሐኪሞቹ ይላሉ። ቀድሞ ግን ጥፋቱ በእናት ላይ ይጣል ነበር። ልጇን ፍቅር ስለ ነሳችው ነው እየተባለ በአሜሪካ ስንቷ እናት አለቀሰች! ይህን አሳብ ካፈረሱት ምርመራዎች አንዱ ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በእንግሊዝ አገር ያወጡት የ21 ጥንድ መንትዮች ጥናት ነው። ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት 11 ጥንዶች በ4ቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ነበረባቸው፤ ከልዩ ልዩ ዕንቁላል በተገኙት 10 ጥንዶች ግን እንዲህ ያለ አንድም አልታየም።

ታዲያ የሚያሳስተን «ዘር» የሚለው ቃላችን ይመስለኛል። እኛ ዘር ስንል ሰባት ቤት መቁጠራችን ነው። ሊቃውንቱ የሚናገሩት ግን ስለ ጂን ነው፤ ይኸውም የሰውነታችን አሠራር በየሕዋሱ ውስጥ ተጽፎ የሚገኝበት ነገር ነው። ማንኛውም ሕፃን ሲፀነስ በአባቱም በእናቱም ሰውነት የሌለ 60 ወይም 70 ያህል አዲስ ለውጥ ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ጉዳት የለውም። በዚያው አቆጣጠር በ2020 የታተመ፣ ከ35,000 በላይ ሰዎች የተመረመሩበት ጥናት ከኦቲዝም ጋር የተያያዙ 102 ጂኖችን ሲለይ፣ ዋናውን ፍንጭ የሰጡት ግን እንዲህ ያሉት አዲስ ለውጦች ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ልጅ ዘር ማንዘሩ ቢቆጠር ምን ይገኛል? ከዚህም ሌላ እያንዳንዳቸው ኢምንት የሆኑ፣ ተጠራቅመው ግን ኃይል የሚያገኙ ብዙ ልዩነቶች አሉ፤ እነዚህን እኔም፣ አንባቢዬም፣ ያ ወጣትም ጭምር በየመጠናችን ተሸክመናቸዋል።

በቤተ ሰብ አይደጋገምም ማለቴ አይደለም። ኦቲዝም ያለበት ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ካላቸው ሕፃናት በ20 በመቶው ያህል ላይ እንደሚታይ በ2024 የታተመ ጥናት ያስረዳል። ይህ ግን ለወላጆች ታናሹን ልጅ ቶሎ እንዲያስመረምሩ የሚረዳ ዕውቀት እንጂ ለአማጭ የሚቀርብ ማስረጃ አይደለም።

የልጅቱ ወንድም 7 ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ያስገቡታል፤ ትምህርቱንም አስተውተውታል። ለእኅቱ ሌላ ሽማግሌ እስኪመጣ ነው አሉ።