የገዛ ድምፃችንን ለመስማት ማን ይፈቅድልናል?

ካኩማም ሆነ ዳዳብ ያለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ይነገራል፣ ፋይሉ ላይ የሚቀረው ግን እንግሊዝኛው ነው። አስተርጓሚው «መስከረም 2013»ን ሳይቀይር ካስጻፈው፣ ሰውየው ችግሩ ሳይደርስበት ሰባት ዓመት ቀድሞ ተሰደደ ማለት ነው። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ያለውም ሌሊት ሆኖ ይጻፍበታል። ኋላ «ቃልህ እርስ በርሱ ይጋጫል» ሲሉት በምን ያስረዳል? ወረቀቱ የያዘው የአስተርጓሚውን ቃል ነው። የእሱን ቃል የሚይዘው ድምፁ ብቻ ነው፤ ያውም ከተቀዳ።

ታዲያ ቅጂውን መጠየቅ ይቻላል ወይ? የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 በመንግሥት እጅ ያለ መረጃን የማግኘት መብት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ዝርዝር ሕግም መዝገቡ በምንም መልክ ቢቀመጥ መረጃ ነው ስለሚል፣ ድምፅና ቪዲዮም ይገባበታል። መሥሪያ ቤቱ በ21 ቀን፣ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ወይም ነፃነት ከሆነ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። ችግሩ አንዲት ቃል ናት፤ «ዜጋ»። መብቱ የተሰጠው ለዜጋ ነው፣ ስደተኛ ደግሞ ዜጋ አይደለም።

የሚገርመው፣ የዚያው አንቀጽ ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ የሚጎዳውን የተሳሳተ መረጃ የማሳረም መብት የሚሰጠው «ለማንኛውም ሰው» ነው። እንግዲህ «ስህተቱን አርሙልኝ» ማለት ትችላላችሁ፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ ማየቱ ግን የዜጋ ነው! (አገራችን እንኳ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 «ማንኛውም ሰው» ነው ያለችው። አፈጻጸሙን ለእናንተ ልተወው።)

በእኔ እምነት የተሻለው በር እ.ኤ.አ. የ2019ኙ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ነው። ይሄኛው ዜግነት አይጠይቅም፤ ስለራሱ የተያዘን መረጃ የማየት መብት ለባለቤቱ ይሰጣል። የተቀዳ ድምፃችሁ ደግሞ የእናንተው የግል መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ደንብ ጥያቄው ያለ ክፍያ በሰባት ቀን እንዲመለስ ያዛል። እምቢ ከተባለ አቤቱታ ለመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። መንግሥት ግን «የብሔራዊ ደኅንነት ጉዳይ ነው» የሚል መውጫ አለው። በዩኤንኤችሲአር እጅ ያለው ፋይል ደግሞ የሚተዳደረው በድርጅቱ በራሱ ደንብ ነው።

ስለዚህ ነገሩ መጀመር ያለበት ውሳኔ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ቃለ መጠይቁ ላይ ነው። «እየተቀዳ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁም መልሱም ይጻፍ። ካልተቀዳ፣ የተጻፈው ከመፈረማችሁ በፊት በአማርኛ ተመልሶ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ፤ ዓመተ ምሕረትና ሰዓት ሲመጣ ንባቡን አስቁሙና «ይሄ በማን አቆጣጠር ነው?» በሉ። ጉዳያችሁ ውድቅ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ይህን መብት አንቀጽ 47 ለዜጋ ብቻ አላለውም።