«ምንጭ፡ ጎግል» ምንጭ አይደለም

የመመረቂያ ጽሑፍ ሰሞን የወልቂጤና የቡታጅራ ፎቶኮፒ ቤቶች ፋታ የላቸውም። ጥራዙ ሲገለጥ የእንሰት ማሳ፣ ጀፎረ፣ የጢያ ትክል ድንጋይ በቀለም ታትሞ ይታያል። ከሥሩ «ምንጭ፡ ጎግል» ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ ምንም አይልም።

ጎግል ፈላጊ እንጂ ፎቶ አንሺ አይደለም። «ምንጭ፡ ጎግል» ብሎ መጻፍ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሶ «ደራሲ፡ መደርደሪያው» እንደማለት ነው።

የሚገርመው የመምህራኑ ዝምታ ነው። ተማሪው አንዲት አንቀጽ ያለ ምንጭ ቢገለብጥ «ይሄ ሌብነት ነው» ተብሎ ጽሑፉ ይመለስበታል። የሰው ፎቶ ሲገለብጥ ግን «በሥዕል አስደግፏል» ተብሎ ይመሰገናል።

ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የማስረጃም ነው። እንሰት ጉራጌ ብቻ አይበቅልም፤ ሲዳማም፣ ጌዴኦም፣ ሀዲያም አለ። ትክል ድንጋይም ጢያ ብቻ አይደለም፤ ጌዴኦ ውስጥ ቱቱ ፈላ አለ። ፎቶው የት፣ መቼ፣ በማን እንደተነሳ ካልተጻፈ የጌዴኦው ድንጋይ የሶዶ ድንጋይ ሆኖ ጥራዝ ውስጥ ይገባል። የሚቀጥለው ዓመት ተመራቂ ደግሞ ከዚያው ይገለብጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ለተመዘገበ ቦታ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

ሕጉም አለ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሠሪው ስሙ እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብትም አለው። በነፃ ከሚገኙት የዊኪሚዲያ ፎቶዎች እንኳ ብዙዎቹ የአንሺው ስም እንዲጠቀስ በሚያስገድድ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ነፃ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

«የተማሪ ሥራ ነው፤ ማን ይከሳል?» የሚሉ አሉ። ክስ ባይኖር ልማድ ይኖራል። ዛሬ የፎቶ አንሺውን ስም የዘለለ ተመራቂ፣ ነገ መሥሪያ ቤት ሲገባ የባልደረባውን ሪፖርት በራሱ ስም ለማቅረብ አይቸገርም።

የሚጠየቀው አንድ መስመር ነው፦ በፎቶው የሚታየው ነገርና ቦታው፣ የአንሺው ስም፣ ዓመቱ፣ የተገኘበት ድረ ገጽ። አንሺው ካልታወቀ ይኸው ተጽፎ የተገኘበት ይጠቀስ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ሄዶ ማንሳት ነው። ጢያ ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ ስልክ የያዘ ተማሪ በራሱ ፎቶ ሥር «ፎቶ፡ አጥኚው» ብሎ በኩራት ይጽፋል።

የቀረው የመምህራን ሥራ ነው። ያቺ አንድ መስመር የሌለችበትን ጥራዝ ሳይፈርሙ ይመልሱት።